የሰሜን ቤተ እስራኤላውያን፦ የደረሰባቸውን በደል ማን ይመዝግብ?

ከዳባትና ከደባርቅ እስከ ሰሜን ተራሮች ግርጌ ባለው አገር የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ መንደሮች ነበሩ። ዛሬ አብዛኞቹ ቤተሰቦች እስራኤል ይኖራሉ። በጦርነትና በአብዮት ዘመን የደረሰባቸው ግን በወጉ አልተመዘገበም።

የጥንቱን የጻፈው አሸናፊው ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ሠርፀ ድንግል በሰሜን ያደረጉትን ዘመቻ የምናውቀው ከራሳቸው ዜና መዋዕል ነው። የሚገርመው ያው ጸሐፊ፣ ከማራኪዋ ጋር ታስራ ስትነዳ ወደ ገደል ዘላ እሱንም ይዛው የወደቀችን ሴት ታሪክ ማስፈሩ ነው።

የአብዮቱ ዘመን ይለያል፤ ያዩት ሰዎች ዛሬም አሉ። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ፣ ርስት ተከልክለው በጢሰኝነት፣ በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ ለኖሩት ቤተ እስራኤላውያን መሬት ፈቀደ። የቀድሞ ባለርስቶች ተቆጡ። በ1969 ዓ.ም. ኢዲዩ ሁመራንና መተማን ያዘ፤ ኢሕአፓ በጎንደር ገጠር ይንቀሳቀስ ነበር፤ የደርግ ቀይ ሽብርም ተከተለ። ገበሬው ሁሉ መሀል ገባ። ቤተ እስራኤላዊው ግን ከዚያ ላይ «ቡዳ» የሚል የቆየ ስም ነበረበት፤ እንዲህ የተባለን ሰው መግደል ለገዳዩ ይቀለዋል።

ያኔ በውጭ አገር የወጡ አንዳንድ ዘገባዎች ሁሉንም «እልቂት» በሚል አንድ ቃል ጠቀለሉት። የኋላ ተመራማሪዎች ይህን አልተቀበሉትም። በእኛም እይታ ማጋነን ተበዳዩን አይጠቅመውም፤ ከሃዲ የሚፈልገውን ቀዳዳ ይከፍታል። በሃይማኖቱ የተገደለ፣ በመሬቱ የተገደለና በተኩስ መሀል የተገኘ ለየብቻ መጻፍ አለባቸው። በኋላ በሱዳን መንገድና በስደተኛ ካምፖች ያለቁት 4,000 ያህል ሰዎች በኢየሩሳሌም መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ ከመንደራቸው ሳይወጡ የሞቱት ግን ተረስተዋል።

ነገሩ እኛንም ይመለከታል። በ1668 እ.ኤ.አ. በቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ ዘመን ሙስሊሞችም ቤተ እስራኤላውያንም ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ተወስኗል። ርስት ለእኛም አልነበረንም። ሸማኔው አባታችንና ቀጥቃጩ ጎረቤቱ በአንድ ገበያ ውለዋል፤ ስለዚህ የእኛም ሽማግሌዎች ምስክር ናቸው።

አመዘጋገቡ ለሙስሊም እንግዳ አይደለም። ሐዲሥ ሲወራ «ከማን ሰማኸው?» ይባላል። ለዚህም የሟቹ ስም፣ መንደሩ፣ ወሩ፣ የታጣቂው ወገን ይጠየቅ፤ ተናጋሪው «አየሁ» ያለው ከ«ሰማሁ» ተለይቶ ይጻፍ፤ ከሰማም የነገረው ሰው ስም ይታከል።