ለበጋ የሚደርስ ነፋስ

በልደታ ድልድይ ላይ የሚያልፈው ቀላል ባቡር ነዳጅ አይቀዳም። ሥራ ከጀመረበት ከመስከረም 2008 ዓ.ም. አንስቶ የሚጎትተው ከአናቱ ከተዘረጋው ሽቦ የሚያገኘው ኤሌክትሪክ ነው። ያ ኤሌክትሪክ መነሻው ብዙ ነው። ጊቤ፣ ጣና በለስ፣ አሁን ደግሞ ህዳሴ ሁሉም በአንድ ብሔራዊ መረብ ይገናኛሉ። ከልደታ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው አዳማ ኮረብታ ላይ የሚሽከረከሩት ነጫጭ ክንፎችም እዚያው መረብ ውስጥ አሉ። በመጠን ከግድቦቹ አጠገብ አይደርሱም፤ የሚበረቱበት ወቅት ግን ከመጠናቸው በላይ ዋጋ ይሰጣቸዋል።

የአገራችን መብራት በአብዛኛው ከወንዝ ነው፤ ወንዝ ደግሞ የሚሞላው በክረምት ነው። መስከረም ላይ የሞላው ግድብ በጋው በገፋ ቁጥር እየጎደለ ይሄዳል፤ ዝናቡ ከዘገየ ጭንቁ ቤታችን ድረስ ይገባል። ግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ 3 ውኃ ሲቀንስ መብራት በፈረቃ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አዳማ ላይ ነፋሱ የሚበረታው በእነዚሁ የበጋ ወራት ነው። ገበሬው ይህን ከማንም በፊት ያውቀዋል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ አውድማ ላይ ወጥቶ ምርቱን በመንሽ የሚያዘራው ገለባውን የሚወስድለት ነፋስ ስላለ ነው።

የነፋስ ኃይል ማመንጫው አዳማ 1 በ2004 ዓ.ም. ተጠናቀቀ፦ 34 ተርባይን፣ እያንዳንዱ 1.5 ሜጋ ዋት፣ በድምሩ 51 ሜጋ ዋት። በ2006 ዓ.ም. መቀሌ አጠገብ አሸጎዳ በ120 ሜጋ ዋት ተመረቀ። በ2007 ዓ.ም. አዳማ 2 በ102 ተርባይኖች 153 ሜጋ ዋት ጨመረ። ሦስቱ ተደምረው 324 ሜጋ ዋት ናቸው፤ ህዳሴ ብቻውን 5,150 ነው። በዚያ ላይ ነፋስ ሁልጊዜ ስለማይነፍስ፣ ዓመቱን ሙሉ ሲሰላ ከአንድ ጣቢያ የሚጠበቀው ከሙሉ አቅሙ ሲሶውን ያህል ነው።

ተርባይኑ የሚገዛበት ሕግ ቀላልና ጨካኝ ነው። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በውስጡ ያለው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲወርድም ኃይሉ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ቦታ መረጣ ላይ ብዙ የሚደከመው ለዚህ ነው። ክንፎቹ ነፋሱ በሰከንድ 3 ሜትር ገደማ ሲደርስ ማመንጨት ይጀምራሉ፤ 11 ሜትር አካባቢ ሲሆን ሙሉ አቅማቸውን ይሰጣሉ። ማዕበል ከመጣ ደግሞ ስለታቸውን ወደ ነፋሱ አዙረው ይቆማሉ፤ ያለዚያ ይሰበራሉ። ከፍታም የራሱን ቀረጥ ያስከፍላል። ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ቦታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ በእኩል ፍጥነት ቢነፍስም የሚሰጠው ኃይል በዚያው መጠን ያንሳል።

የአዳማ 1 ማሽኖች አንድ የምወድላቸው ነገር አለ፦ ካምቢዮ የላቸውም። ክንፉ በዝግታ ሲዞር በቋሚ ማግኔት የሚሠራው ሰፊ ጄነሬተር አብሮት ይዞራል። በአዳማ 2 ላይ ግን በክንፉና በጄነሬተሩ መካከል ፍጥነቱን የሚያበዛ ካምቢዮ አለ። ካምቢዮ ዘይት ይፈልጋል፣ ጥርሱ ይበላል፣ ሲበላሽም መለዋወጫው ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ ይመጣል። ማማው አናት ላይ ወጥቶ ለሚጠግን ባለሙያ ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

ነፋስ አይከማችም የሚለው ወቀሳ እውነት ነው። ሌሎች አገሮች ይህን ለማካካስ የጋዝ ማመንጫ ያቆማሉ ወይም ውድ ባትሪ ይገዛሉ። እኛ ግን ግድብ አለን። አዳማ ላይ ነፋሱ ሲበረታ ግድቡ የሚለቀውን ውኃ መቀነስ ይችላል፤ ያልተለቀቀውም ውኃ ለሚያዝያና ለግንቦት ይቆያል። ነፋሱ ድንገት ሲቆም ደግሞ የውኃው ተርባይን በደቂቃዎች ውስጥ ክፍተቱን ይሞላል።