ከኖቭጎሮድ የመሬት መዝገብ እስከ ፕሮባቢሊቲ

ጎዶሎ ቁጥሮችን ከ1 ጀምረው በተርታ ይደምሩ። 1 እና 3፣ 4 ይሆናሉ። 5 ሲጨመርበት 9፣ 7 ሲጨመርበት 16። ድምሩ ምንጊዜም አንድ ቁጥር በራሱ ሲባዛ የሚገኝ ነው። ምክንያቱን በጠጠር ማየት ይቻላል፦ ሦስት በሦስት የተደረደሩ ጠጠሮችን አራት በአራት ለማድረግ በአንዱ ጎን 3፣ በሌላው ጎን 3፣ በማዕዘኑ ደግሞ 1 ያስፈልጋል፤ በጠቅላላው 7። ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ አንድሬ ኮልሞጎሮቭ ይህን ሥርዓት በራሱ ያስተዋለው ገና በአምስት ወይም በስድስት ዓመቱ ነበር።

የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1903 በታምቦቭ ከተማ ነው። እናቱ በወሊድ ስለሞተች ያሳደጉት አክስቶቹ ናቸው። አክስቶቹ በያሮስላቭል አቅራቢያ በሚገኘው ቤታቸው ለአካባቢው ልጆች ትንሽ ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር። ልጆቹ የሚያዘጋጁት መጽሔትም ነበራቸው፤ የጎዶሎ ቁጥሮቹ ነገር የወጣው እዚያ ላይ ነው።

በ1920 ሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሩሲያ ከአብዮቱና ከእርስ በርስ ጦርነቱ ገና አላገገመችም። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በወር 16 ኪሎ ዳቦና 1 ኪሎ ቅቤ ይሰፈርለት ነበር። ኮልሞጎሮቭም የአንደኛ ዓመቱን ፈተና በጥቂት ወራት ጨርሶ ወደ ቅቤው ተሻገረ።

ልቡ ግን ሒሳብ ላይ ብቻ አልረጋም። በታሪክ ሊቁ በሰርጌይ ባክሩሺን ሥር ሆኖ የ15ኛውንና የ16ኛውን ክፍለ ዘመን የኖቭጎሮድ መሬት ይዞታ ከጥንት መዝገቦች ያጠና ነበር። ኋላ ሲያወጋው፣ ባክሩሺን፣ ኮልሞጎሮቭ ያቀረበው ማስረጃ አንድ ብቻ መሆኑን አይተው፣ ለታሪክ ጸሐፊ ቢያንስ አምስት ያስፈልጋል አሉት፤ እሱም አንዱ ወደሚበቃበት ሙያ ሄደ። ወጉን ሳያሳምረው አልቀረም ብዬ እጠረጥራለሁ። ጥናቱ ግን ቀልድ አልነበረም፤ ከሞተ በኋላ ታትሟል።

በ1922፣ በ19 ዓመቱ፣ የሒሳብ ሊቃውንትን ያስደነገጠ ሥራ ሠራ። የፉርየ ድርድር የሚባለው ስልት አንድን ውስብስብ ሞገድ ወደ ቀላል ሞገዶች ይበትነዋል። የተበተነው ሲደመር ወደ መነሻው ይመለሳል? ኮልሞጎሮቭ ድርድሩ በሁሉም ነጥብ ማለት ይቻላል ፈጽሞ የማይረጋበትን ፈንክሽን ገንብቶ አሳየ። የዝነኛው የሒሳብ ሊቅ የኒኮላይ ሉዚን ተማሪም ነበር። በእነዚያ ዓመታት ወጣቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያስተማረም ይተዳደር ነበር።

«በሁሉም ነጥብ ማለት ይቻላል» የሚለው አነጋገር እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ከሕጉ ያፈነገጡት ነጥቦች ስፋታቸው ቢለካ ዜሮ ነው ማለት ነው፤ የሉም ማለት ግን አይደለም። ይህን የልኬት ትምህርት የቀመሩት ፈረንሳዮቹ ቦሬልና ሌቤግ ሲሆኑ፣ የሉዚን ተማሪዎች አብጠርጥረው ያውቁት ነበር። ኮልሞጎሮቭ በ1925 ከአሌክሳንደር ኺንቺን ጋር በፕሮባቢሊቲ (በዕድል ስሌት) ላይ የመጀመሪያ ጽሑፉን አወጣ፤ በ1931 ፕሮፌሰር ሆነ። በ1933 በጀርመንኛ ባሳተማት ቀጭን መጽሐፍ ሁለቱን ዘርፎች አገናኛቸው። በመጽሐፏ መሠረት፣ አንድ ነገር የመሆን ዕድሉ ከዜሮ አያንስም፤ የእርግጠኛው ዕድል 1 ነው፤ አብረው ሊሆኑ የማይችሉ ነገሮች ዕድል ይደመራል። ይህ የስፋትም ሕግ ነው። ስለዚህ ዕድሉ ዜሮ የሆነ ነገርም ሊሆን ይችላል፦ ከ0 እስከ 1 ባለው መስመር ላይ በዘፈቀደ የተመረጠ ነጥብ ልክ ግማሹ ላይ የማረፍ ዕድሉ ዜሮ ነው፤ የትኛውም ሌላ ነጥብ ላይ የማረፍ ዕድሉም እንዲሁ፤ አንዱ ላይ ግን ማረፉ አይቀርም።