እንስራውና የመስታወቱ ገንዳ፦ የቤት ውስጥ ዓሦችን ከሙቀት እንዴት እንታደጋቸው?

ወሩ ሚያዝያ ነው እንበል። በምሥራቅ ጎጃም፣ በሮብ ገበያ፣ በአንድ የቆርቆሮ ክዳን ቤት ውስጥ 60 ሊትር ውሃ የያዘ የመስታወት የዓሣ ገንዳ በመስኮት አጠገብ ተቀምጧል። የገንዳው ባለቤት የሆነው ተማሪ ከቀትር በኋላ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ዓሦቹን ጠዋት እንደተዋቸው አላገኛቸውም። ሁሉም ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው፣ አፋቸውን እየከፈቱና እየዘጉ ያለከልካሉ። መብራት ከጠፋ ሰዓታት ተቆጥረዋል፤ ወደ ውሃው አየር የምትነፋው ትንሽ ሞተርም ቆማለች። ውድ አንባብያን፣ በዚህ ተማሪ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ብዙዎቻችን በቅድሚያ የሚታሰበን በረዶ ፈልጎ መጨመር ነው። ይሁን እንጂ ከመፍትሔው በፊት የችግሩን ምንነት መረዳት ይገባል። ስለሆነም በቅድሚያ ሙቀት ዓሣን እንዴት እንደሚጎዳ፣ ቀጥሎም እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ዘዴ እንዴት እንደሚረዳን እንመለከታለን።

ፍላጎት ሲጨምር አቅርቦት ሲቀንስ

ዓሣ እንደ እኛ የሰውነቱን ሙቀት በራሱ የሚቆጣጠር እንስሳ አይደለም፤ ውሃው ሲሞቅ አብሮ ይሞቃል፣ ሲቀዘቅዝም አብሮ ይቀዘቅዛል። የውሃው ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር የአብዛኞቹ ዓሦች የኦክስጅን ፍጆታ ወደ እጥፍ ይጠጋል። በአንጻሩ ውሃ በሞቀ መጠን በውስጡ ሊሟሟ የሚችለው ኦክስጅን ይቀንሳል። በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በ20 ዲግሪ 9.1 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ በ30 ዲግሪ የሚይዘው 7.6 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። በመሆኑም ዓሦቹ ከምንም በላይ የተቸገሩት በመታፈን ነው። ወደ ውሃው ገጽ የወጡትም አየርን የሚነካው ስስ የውሃ ንጣፍ ከታችኛው ይልቅ ኦክስጅን ስለሚያገኝ ነው።

በዚህ ላይ ከምግብ ትርፍራፊና ከዓሦቹ ኩስ የሚፈጠረው አሞኒያ ውሃው በሞቀ ቁጥር ይበልጥ መርዛማ ወደሆነው ዓይነት ያደላል።

ደጋ መሆን በቂ መከላከያ ነውን?

«እኛ ደገኞች ነን፤ ሙቀት የቆላ ችግር ነው» የሚል አንባቢ ይኖራል። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኙ ከተሞች ሲሆኑ፣ አየራቸው ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርዱ ከሚያጋጥመው ሐሩር ጋር አይነጻጸርም። ነገር ግን በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ወደ ሦስት አራተኛ ዝቅ ይላል። ወደ ውሃ የሚገባው የኦክስጅን መጠን ደግሞ በግፊቱ ልክ ይቀንሳል።

ውጤቱን በቁጥር እንየው። በ2,500 ሜትር ከፍታ በ20 ዲግሪ አንድ ሊትር ውሃ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን 6.7 ሚሊግራም ገደማ ነው። በባሕር ጠለል ላይ ውሃ ይህን ያህል ብቻ የሚይዘው እስከ 37 ዲግሪ ያህል ሲሞቅ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ቀዝቃዛ የምንለው የደጋ ገንዳ ከኦክስጅን አንጻር ሲታይ በባሕር ዳርቻ በሐሩር ከሚፈላው ገንዳ ጋር ይመሳሰላል። የደጋው ውሃ ወደ 28 ዲግሪ ሲደርስ መጠኑ ወደ 5.7 ሚሊግራም ይወርዳል። እንግዲህ የእኛ ዓሦች ስንቃቸው ከመነሻው ጥቂት ስለሆነ፣ በበጋ የምትጨምር እያንዳንዷ ዲግሪ ትጎዳቸዋለች።

የእንስራው ምሥጢር

ውሃ በእንስራ ሲቀመጥ ለምን ይቀዘቅዛል? ሸክላ ለዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ውሃው ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ገጹ ይወጣና ይተንናል። ለመትነን የሚያስፈልገውን ሙቀት ከእንስራውና በውስጡ ከቀረው ውሃ ስለሚወስድ የቀረው ይቀዘቅዛል።

የሚወሰደው ሙቀት እጅግ ከፍተኛ ነው። አንድ ኪሎግራም በረዶ ለመቅለጥ 334 ኪሎጁል ሲወስድ፣ አንድ ኪሎግራም ውሃ በክፍል ሙቀት ለመትነን 2,450 ኪሎጁል ገደማ ይወስዳል፤ ይኸውም ከሰባት እጥፍ በላይ ነው። ከ60 ሊትሩ ገንዳ አንድ መቶኛው፣ ማለትም 0.6 ሊትር ቢተንና ከአካባቢው ምንም ሙቀት ባይገባ፣ የቀረው ውሃ በ6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዝ ነበር። በተግባር ግን ከክፍሉ አየር ሙቀት ስለሚገባ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ መቀነስ መልካም ውጤት ነው።

ይህ ዘዴ የሚሠራው አየሩ ደረቅ ሲሆን ነው። የአየሩ ሙቀት 26 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 35 በመቶ በሆነ የበጋ ቀን ትነት ውሃን ሊያወርደው የሚችለው ወለል 16 ዲግሪ ገደማ ነው። ሙቀቱ 35 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 70 በመቶ በሆነ የባሕር ዳርቻ ከተማ ግን ወለሉ ከ30 ዲግሪ አይወርድም። ደጋችን በከፍታው ምክንያት የነሳንን በደረቅ በጋው ይክሰናል ማለት ነው።

ተማሪው ምን ያድርግ?

በቅድሚያ ዓሦቹን ከመታፈን ያድናቸው። ከገንዳው ውሃ በጣሳ እየቀዳ ከከፍታ መልሶ ያንቆርቁረው። እየተበተነ የሚወርደው ውሃ ከአየር ጋር ስለሚገናኝ ኦክስጅን ይዞ ይመለሳል። ይህን ለማድረግ መብራት አያስፈልግም።

ቀጥሎ ወደ ማቀዝቀዙ ይሂድ። ገንዳውን ፀሐይ ከሚመታው መስኮት ያርቅ። ድፍን ክዳኑን አንሥቶ ዓሦቹ ዘለው እንዳይወጡ በመረብ ይሸፍን። የገንዳውን ጀርባና ጎን በእርጥብ የጥጥ ጨርቅ ይሸፍንና የጨርቁን ጫፍ ውሃ ባለው ሳህን ውስጥ ይንከር፤ ጨርቁ ውሃውን እየሳበ ገንዳውን እንደ እንስራ ያደርገዋል። መስኮትና በር ተከፍቶ ነፋስ ቢያልፍበት፣ ወይም በካርቶን ቁራጭ ቢራገብ ትነቱ ይፋጠናል።

የተነነውን ውሃ መተካት አይዘንጋ። ሲተን የሚሄደው ውሃው ብቻ ሲሆን ጨዎቹ ይቀራሉ፤ ስለዚህ ከመተካት በተጨማሪ በየሳምንቱ ከገንዳው ውሃ ጥቂቱን መለወጥ ያስፈልጋል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ሊኖረው ስለሚችል አንድ ቀን በክፍት ዕቃ ቢያድር ይመረጣል። በሙቀት ቀን ምግብ መቀነስ ይበጃል፤ ያልተበላ ምግብ ሲበሰብስ ኦክስጅን ይሻማልና። በረዶ የግድ ካስፈለገ በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ሆኖ ይንሳፈፍ፤ ድንገተኛ ቅዝቃዜ ከሙቀቱ ባልተናነሰ ይጎዳል።

የጣና ዓሦች ምን ያስተምሩናል?

ሁሉም ዓሣ ሙቀትንና የኦክስጅን እጥረትን እኩል አይቋቋምም። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከሚገኘው የጣና ሐይቅ የሚጠመዱትን ሦስት ዓይነቶች እንውሰድ። አምባዛ ከስንጥቡ ሌላ ከአየር በቀጥታ የሚተነፍስበት አካል ስላለው ኦክስጅን በጎደለበት ውሃ ይቆያል። ቆሮሶ ሞቅ ያለ ውሃ የሚስማማው ሲሆን የኦክስጅን እጥረትንም በመጠኑ ይችላል። ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች በርካታዎቹ ግን እንቁላላቸውን ለመጣል በክረምት እንደ ጉማራ ወዳሉ ገባር ወንዞች ይወጣሉ፤ የሚፈልጉትም ጠጠራማ፣ የሚፈስና ኦክስጅን የበዛበት ውሃ ነው። ስለዚህ ዓሣ ከመግዛታችን በፊት «ያምራል ወይ?» ብቻ ሳይሆን «የመጣው ከምን ዓይነት ውሃ ነው?» ብለን መጠየቅ ይኖርብናል።

በመጨረሻም ተማሪዎች በትምህርት ቤታቸው የሚሠሩት ቀላል ሙከራ እንጠቁም። ሁለት ቴርሞሜትሮችን ጎን ለጎን ስቀሉ፤ የአንደኛውን ጫፍ በእርጥብ ጥጥ ጠቅልሉና አራግቡት። የሁለቱን ንባብ በቀን ሦስት ጊዜ መዝግቡ። የእርጥቡ ንባብ በዚያ ሰዓት ትነት ውሃን ሊያደርሰው የሚችለውን ወለል ይነግራችኋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ በሆነበት ሰዓት እርጥቡን ጨርቅ ዘርጉ፤ መብራት ቢጠፋም ዓሦቻችሁ እስከ ማታው ቅዝቃዜ ይደርሳሉ።