በአንድ አርእስት ሥር ሁለት ተግባር፦ የሶፍትዌር መመሪያ ገጾች አሰያየም



የሶፍትዌር መመሪያ የሚከፍት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሥራው መሐል ላይ ተቋርጦበት የመጣ ነው። በቅድሚያ የሚያገኘው የአርእስት ዝርዝር ነው፤ የትኛውን ገጽ እንደሚከፍት የሚወስነውም በዚያ ብቻ ነው።

የዩኒክስ ሠሪዎች ይህን ቀድመው ተገንዝበውታል። እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው የመጀመሪያው የዩኒክስ መመሪያ፣ እያንዳንዱ ገጽ የሚጀምረው በትእዛዙ ስምና ተግባሩን በጥቂት ቃላት በሚገልጽ አንድ መስመር ነው። ኋላ የመጣው «አፕሮፖስ» የተባለው መፈለጊያም የሚፈትሸው ያንኑ መስመር ነው። በመስመሩ ያልተጻፈ ቃል፣ ገጹ ውስጥ መቶ ጊዜ ቢደጋገም እንኳ አይገኝም።

አሁን ብዙዎቻችሁ በየዕለቱ ወደምትጠቀሙበት ወደ ጊት ልውሰዳችሁ። «ቼክአውት» የተባለው ትእዛዝ የገጽ መግለጫ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ቅርንጫፍ መቀየር ወይም የሥራ ፋይሎችን መመለስ» ይላል። «ወይም» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። ቅርንጫፍ ሲቀየር ጊት ጥንቁቅ ነው፤ ያልተመዘገበ ለውጥ የሚደመስስ ከሆነ እምቢ ይላል። ፋይል ሲመለስ ግን ሳይጠይቅ በአዲሱ ጽሑፍ ላይ አሮጌውን ይተካል። የቀኑን ሥራ በዚህ መንገድ ያጣ ተማሪ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል፤ እኔ ግን አልፈርድበትም፤ ሁለት የማይመሳሰሉ ተግባራት በአንድ ስም ተጠርተውበታልና። ነሐሴ 2019 እ.ኤ.አ. በወጣው የጊት 2.23 ዕትም «ስዊች» ለቅርንጫፍ፣ «ሪስቶር» ለፋይል ተለይተው ተጨመሩ፤ መግለጫቸውም ያለ «ወይም» ተጻፈ። ቼክአውት ራሱ ዛሬም አለ።

መመሪያ ጸሐፊ ትእዛዝ የመክፈል ሥልጣን ላይኖረው ይችላል። ገጽ መክፈል ግን ይችላል፤ አርእስቱ በአንድ ግሥ አልገለጽ ሲለው፣ ቃላቱን ከማሳመር በፊት ገጹን ይመርምር።

በአማርኛ ስንጽፍ ሌላ ጣጣ አለ። ግሣችን መጨረሻ ላይ ስለሚውል ተግባሩ የሚፈጸምበት ነገር ፊት ይቆማል፤ ይህ ለፈላጊው መልካም ነው። ዳሩ ግን «የፋይል አጠፋፍ»፣ «የይለፍ ቃል አቀያየር»፣ «የገጽ አተታተም» እያልን ከሰየምን፣ ዝርዝሩ በፊደል ተራ ሲደረደር ሁሉም «የ» ሥር ይታጨቃል። «ስለ ፋይሎች» የሚለው ደግሞ አንባቢው ምን ሊያደርግ እንደሚችል አይነግረውም። እኔ «ፋይል ማጥፋት»፣ «ገጽ ማተም» የሚለውን እመርጣለሁ። «የይለፍ ቃል መቀየር» ግን ከነ«የ»ው ይቆያል፤ ሕዝቡ የሚያውቀው ስም ነውና፣ ለፊደል ተራ ሲባል አይቆረጥም።