ትንፋሽ ስለ ሆድ የሚመሰክረው

የሰው ሕዋስ ሃይድሮጂን አያመርትም። በትንፋሻችን ውስጥ የሚገኘው ጥቂት ሃይድሮጂን የአንጀት ባክቴሪያዎች ሥራ ነው። ትንሹ አንጀት መጥጦ ያልጨረሰው ስኳር ወደ ትልቁ አንጀት ሲወርድ ባክቴሪያዎቹ ያብላሉታል፤ የሚወጣው ጋዝ ሆድ ይነፋል፣ ከፊሉም በደም ተወስዶ በሳንባ በኩል ይወጣል። አሜሪካዊው ሐኪም ማይክል ሌቪት ይህን ጋዝ ለክተው ጽሑፋቸውን ካወጡበት ከ1969 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሆስፒታሎች በዚሁ መንገድ የወተት ስኳር የማይስማማቸውን ሰዎች ይለያሉ። ታማሚው በባዶ ሆዱ ስኳሩን በውኃ ይጠጣል፤ ከዚያ በየተወሰነ ደቂቃ ወደ መለኪያው ይተነፍሳል። ሃይድሮጂኑ ከመነሻው በሚሊዮን 20 እጅ ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ ስኳሩ አልተመጠጠም ይባላል። ዛሬ የአየርላንዱን ፉድማርብል የመሳሰሉ ድርጅቶች መለኪያውን መዳፍ ውስጥ እስኪገባ አሳንሰው ከስልክ ጋር አገናኝተውታል፤ ሰው ከምሳው በኋላ ቤቱ ተቀምጦ መለካት ይችላል።

መሣሪያው ተስፋ ከሚሰጣቸው መካከል ሥር የሰደደ የአንጀት ብግነት ያለባቸው ሰዎች ይገኛሉ፤ ክሮንስና አልሰሬቲቭ ኮላይተስ የሚባሉት በሽታዎች ማለት ነው። ተስፋው ግን በልኩ መያዝ አለበት። ትንፋሽ ስለ ቁስል አይናገርም። አንጀት መቁሰሉን የሚያሳዩት ትልቁን አንጀት በካሜራ የሚያየው ኮሎኖስኮፒ፣ የደም ምርመራና ካልፕሮቴክቲን የሚባለው የሰገራ ምርመራ ናቸው። ትንፋሽ የሚመልሰው አንድ ጠባብ ጥያቄ ነው፤ ይህ ምግብ ሳይፈጭ ወርዶ ተብላልቷል ወይስ አልተብላላም? እኔ ጠቃሚነቱን የማየው እዚሁ ጥበቱ ውስጥ ነው። በሽታው በመድኃኒት ከተኛላቸው ሰዎች ሲሦ ያህሉ አሁንም ሆዳቸው ይነፋል፣ ይቆርጣቸዋል፣ ያስቀምጣቸዋል። በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሙከራ፣ እንዲህ ካሉ 52 ታማሚዎች መካከል ለአራት ሳምንት በቀላሉ የሚብላሉ ስኳሮችን ከቀነሱት 52 በመቶዎቹ በቂ እፎይታ አገኙ፤ በንጽጽሩ ቡድን ግን 16 በመቶዎቹ ብቻ። የብግነቱ ምልክቶች አልተለወጡም። ሥቃዩ የመጣው ከቁስሉ ሳይሆን ከመብላላቱ ከሆነ ለታማሚው ተጨማሪ መድኃኒት መስጠት ስህተት ነው። ያው ሙከራ ሌላም ነገር አሳይቷል፤ ምግቡን በቀነሱት ሰዎች ጠቃሚ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ቁጥር ወርዷል። ስለዚህ ምግብ መከልከሉ ለዘለቄታው አይሆንም።

ይህን ወደ ዋግ ኽምራዋ ከተማ ወደ ሰቆጣ ማዕድ እናምጣው። በዋግ ኽምራ ደጋና ቆላ የሚበላው የጤፍ፣ የማሽላና የገብስ እንጀራ ነው፤ በጾም ወራት ደግሞ ሽሮና ክክ የየቀን ወጥ ይሆናሉ። በባቄላ፣ በሽምብራና በምስር ውስጥ የሰው አንጀት ጨርሶ የማይፈጫቸው ስኳሮች አሉ። ስለዚህ ከሽሮ በኋላ የጤነኛ ሰውም ትንፋሽ ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል፤ ይህ በሽታ አይደለም። ለታማሚው ቁም ነገሩ ቁጥሩና ቁርጠቱ በአንድ ሰዓት መገናኘታቸው ነው። ከተገናኙ ደግሞ መፍትሔው ሽሮን መተው ላይሆን ይችላል፤ ጥራጥሬውን ነክሮ ውኃውን መድፋት፣ መጠኑን መቀነስ፣ በወጡ ውስጥ ያለውን ሽንኩርት ማሳነስ ይቻላል፤ ሽንኩርትም ራሱ ከሚብላሉት አንዱ ነውና። የዋግ ማር በአገር የታወቀ ነው፤ በብርዝ ብዙ ከተጠጣ ግን በውስጡ ያለው ፍሩክቶስ አንዳንዱን ሰው ሊነፋው ይችላል። ወተቱም እንደ ሰው ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በለንደኑ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ተሳትፎ የተካሄደና በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ኢትዮጵያውያን የወተት ስኳር እንዲጠጡ አድርጎ ትንፋሻቸውን ለክቷል። በጉልምስና ወተት የሚስማማቸው ሰዎች ይህን የቻሉት በአንድ ዓይነት የዘር ለውጥ እንዳልሆነና በርካታ ለውጦች ጎን ለጎን እንደሚገኙም አሳይቷል። እንግዲህ በአገራችን «ወተት ለሆድ ሕመም መጥፎ ነው» ወይም «ጥሩ ነው» ብሎ ለሁሉም መደምደም አይቻልም፤ እያንዳንዱን ሰው መለካት ግን ይቻላል።

የአንጀት ብግነት የፈረንጅ በሽታ ነው፣ እኛ ዘንድ የለም የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ጥቂት መገኘቱ እውነት ነው፤ ግን በምርመራ ያልተፈለገ በሽታ አይገኝም። ኮሎኖስኮፒ ፍለጋ ከሰቆጣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ መሄድ ስንቱን ያስቀራል? ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ በሽታው እምብዛም አይታይባቸውም ነበር፤ ከዓመታት ኑሮ በኋላ ግን መታየት መጀመሩን የዚያ አገር ሐኪሞች መዝግበዋል። ኑሮና አመጋገብ ሲለወጡ በሽታው ይከተላል ማለት ነው፤ በከተሞቻችንም ሁለቱም እየተለወጡ ናቸው። ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። በእኛ አገር ተቅማጥና ቁርጠት ሲመጣ አስቀድሞ የሚጠረጠሩት አሜባ፣ ጃርዲያና የአንጀት ሳንባ ነቀርሳ ናቸው። የአንጀት ሳንባ ነቀርሳ ክሮንስን እጅግ ይመስላል፤ ለክሮንስ የሚሰጠው ስቴሮይድ ደግሞ ሳንባ ነቀርሳውን ሊያባብሰው ይችላል። ጃርዲያም ትንሹ አንጀት ስኳር እንዳይመጥ ስለሚያደርግ የትንፋሹን ቁጥር ከፍ ያደርገዋል። ይህ ተቃውሞ ልክ ነው፤ መልሱም ቅደም ተከተል ነው። ደም ያለበት ሰገራ፣ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ ያለበት ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሐኪም ነው። መለኪያው ተራው የሚደርሰው በሽታው ታውቆ፣ ታክሞ፣ ከተኛ በኋላ ነው።

መሣሪያው ይሳሳታል የሚሉትም አሉ። በቅርብ ሳምንታት የተወሰደ አንቲባዮቲክ ባክቴሪያዎቹን ስለሚያዳክም ቁጥሩን ዝቅ ያደርጋል። በአንዳንድ ሰዎች አንጀት ያሉ ረቂቃን ተሕዋስያን ሃይድሮጂኑን ወደ ሜቴን ይለውጡታል፤ ሜቴንን የማይለካ መሣሪያ እነዚህን ሰዎች ያልፋቸዋል። ከልኬቱ በፊት ያጨሰ ሰው ቁጥሩ ይዛባል። እነዚህ ሁሉ በአንዲት ልኬት መታመን እንደማይገባ ያስረዳሉ፤ አንድን ምግብ ለይቶ፣ በተለያየ ቀን ደጋግሞ፣ ሰዓቱን ጽፎ መለካት ግን ስህተቱን ያጠብበዋል።

የሚያሳስበኝ ከዚህ ሁሉ በላይ ድርቅ በሚመላለስበት አገር ምግብ መከልከል ነው። በዋግ «ባቄላ ተው፣ ወተት ተው» የተባለ ታማሚ በምትኩ የሚበላው ላይኖረው ይችላል፤ የአንጀት ብግነት ያለበት ሰው ደግሞ ቀድሞውኑ ለምግብ እጥረት የተጋለጠ ነው። ስለዚህ መለኪያውን የምደግፈው ምግብን ወደ ማዕድ ለመመለስ ሲያገለግል ነው። በግምት ከተተዉት ምግቦች መካከል የማይጎዱትን ለይቶ «ይህን ብላ» ለማለት። ለዚህ እያንዳንዱ ቤት መሣሪያ መግዛት የለበትም። በሰቆጣ የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አንድ ሁለት መለኪያ ቢኖረው፣ መንፊያው ለየሰው እየተቀየረ ለሁለት ሳምንት ቢያውስ፣ የጾሙና የፍስኩ ሳምንት ተለይቶ የሚጻፍበት ደብተር አብሮ ቢሰጥ፣ መመሪያውም በአማርኛና በኽምጣጛ ቢነገር ሥራው ይጀመራል።