ደጋው ቢበርድም ኮምፒውተሩ ይግላል

በላስታ ደጋ ምሽት ላይ ጋቢ ሳይደርቡ መቀመጥ ይከብዳል። በዚህ ብርድ ልጅዎ «ኮምፒውተሩ በሙቀት እየጠፋ ጌም መጫወት አልቻልኩም» ቢልዎ ሰበብ ሊመስልዎ ይችላል። ነገር ግን እውነቱን ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተርን የሚያቀዘቅዘው የክፍሉ ብርድ ብቻ አይደለም፤ በውስጡ የሚያልፈው አየር ነው። ከላሊበላም ሆነ ከገነተ ማርያም አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ስለዚህ የተቃጠለ ዕቃ ለመለወጥ ከመሄድ በፊት ችግሩን ቤት ውስጥ መለየት ብዙ ወጪ ያድናል።

ስሱ አየር

ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በአፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን እንደታነጸ በሚነገርለት ውቅር ቤተ ክርስቲያን የምትታወቀው ገነተ ማርያምም የዚሁ ደጋ አካል ናት። በ2,500 ሜትር ከፍታ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው ከ20 በመቶ በላይ የሳሳ ነው። ውኃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው፣ ሽንብራና ባቄላም ለመብሰል ጊዜ የሚወስዱት የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ነው። የኮምፒውተሩ ፋን በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ቀላል ስለሆነ ይዞ የሚወጣው ሙቀት ያንሳል።

መልካሙ ነገር የደጋው ቅዝቃዜ ይህን ጉድለት ሊያካክስ መቻሉ ነው። ይህ የሚሆነው ግን አየሩ መግቢያና መውጫ ሲያገኝ ብቻ ነው። ከአቧራ ለመከላከል ተብሎ የሚለብሰው ዳንቴል፣ ከግድግዳ ጋር ተለጥፎ መቀመጡ፣ የበጋው አቧራ፣ በላዩም የዕጣንና የምጣድ ጭስ ተደራርበው መንገዱን ይዘጉበታል።

ምልክቱን ያንብቡ

የሙቀት መለኪያ ፕሮግራም ይጫኑና ልጅዎ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲጫወት ቁጥሩን ይከታተሉ። ለብዙ የኢንቴል ሲፒዩዎች የመጨረሻው ወሰን 100 ዲግሪ፣ ለብዙ የራይዘን ሲፒዩዎች ደግሞ 95 ዲግሪ አካባቢ ነው።

• ቁጥሩ ወሰኑ ላይ ደርሶ ጌሙ መንቀርፈፍ ከጀመረ፣ ሲፒዩው ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን እየቀነሰ ነው።
• ቁጥሩ ዝቅተኛ ሆኖ ሳለ ሰማያዊ ስክሪን ከመጣ ወይም ኮምፒውተሩ ደርቆ ከቀረ፣ ኦቨርክሎክን ወይም ራምን ይጠርጥሩ።
• ጨዋታው ሲከብድ በአንዴ ድርግም ብሎ ከጠፋ፣ ከሙቀቱ በተጨማሪ ፓወር ሰፕላዩንና የመብራቱን መዋዠቅ ይመርምሩ።

አሁን የኬዙን የጎን ክዳን ከፍተው ያንኑ ጨዋታ ይድገሙት። ሙቀቱ በብዙ ዲግሪ ከወረደ ችግሩ የአየር መተላለፊያው ነው። ካልወረደ ግን በሲፒዩውና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ተርማል ፔስት ደርቆ ሊሆን ይችላል።

ጽዳቱ

ኮምፒውተሩን አጥፍተው ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ። ከቤት ውጭ አውጥተው አቧራውን በለስላሳ ብሩሽና በአየር መንፊያ ያስወግዱ፤ እርጥብ ጨርቅ አይጠቀሙ። በሚነፉበት ጊዜ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣትዎ ይያዙት። ፔስቱ ከደረቀ አሮጌውን በአልኮል ጠርገው የምስር ፍሬ በምታህል መጠን አዲስ ያድርጉበት። ኬዙን ከወለሉ ከፍ፣ ከግድግዳውም አንድ ስንዝር ያህል ፈቀቅ አድርገው ያስቀምጡት። ዳንቴሉ የሚለብሰው ማሽኑ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ብቻ ይሁን።

ፍጥነት ዋጋ አለው

ኦቨርክሎክ ማለት ሲፒዩውን ወይም ግራፊክስ ካርዱን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማሠራት ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር ቮልቴጁም እንዲጨምር ይደረጋል፤ ጣጣው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ፍጥነቱን በ10 በመቶ፣ ቮልቴጁንም በ10 በመቶ ብቻ ብናሳድግ የሚወጣው ሙቀት በ33 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በቆላ ወይም በባሕር ዳርቻ ከተማ ያለ ሰው የሞከረውን ቁጥር እንዳለ ገልብጦ በስሱ አየር መጠቀም ስለዚህ አያዋጣም።

ኮምፒውተሩ መረጋጋት ካቃተው ባዮስ ውስጥ ገብተው ሁሉንም ወደ ፋብሪካው ቅንብር ይመልሱ። ራሙን የሚያፈጥነው ኤክስኤምፒ የሚባለው ምርጫም ኦቨርክሎክ ስለሆነ እሱንም ያጥፉት። ችግሩ ከጠፋ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው። ልጅዎ እንደገና መሞከር ከፈለገ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይበሉት፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ፣ ያውም በጥቂቱ ይጨምር፤ አንድ ሰዓት ተጫውቶም ሙቀቱን ይመዝግብ። የመጀመሪያው መንገራገጭ ሲታይ ወደ ኋላ መመለስ እንጂ ቮልቴጅ መጨመር መፍትሔ አይደለም።

ስታቢላይዘር የመብራቱን መዋዠቅ ያለዝባል፤ ድንገት ሲጠፋ ግን ጊዜ የሚገዛልዎ ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው። ማሽኑ በፋብሪካው ቅንብር ላይ ሆኖ፣ ተጸድቶም፣ የሚጠፋ ከሆነ ወይም የተቃጠለ ሽታ ካለው ግን ከሶኬት ነቅለው ለባለሙያ ያሳዩት። ፓወር ሰፕላዩን ቤት ውስጥ አይክፈቱት፤ ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ኃይል በውስጡ ይቆያል።

የቤተሰቡን ብር ያዳነ ጽዳት የልጅዎ ኃላፊነት ይሁን። በበጋ በየወሩ አቧራውን ያራግፍ፣ የሙቀቱንም ቁጥር በደብተር ይጻፍ። ቁጥሩ ካለፈው ወር ከፍ ካለ፣ ማሽኑ ገና ሳይጠፋ የሚናገረው ማስጠንቀቂያ ያ ነው።