አዲስ ፍሪሲዮን በአሮጌ ኦይል ሲል

መኪና ለሥራ የሚያሠማራ ሰው ፍሪሲዮን ማስቀየር ምን ያህል እንደሚያስወጣ ያውቃል፡፡ ሸራው፣ ፕሬሸር ፕሌቱና ኩሽኔታው አንድ ሒሳብ ነው፤ ካምቢዮ የማውረጃና የመስቀያ የእጅ ዋጋው ሌላ ሒሳብ ነው፡፡ መኪናው የቆመባቸው ቀናት ገቢም በደረሰኝ ላይ ባይጻፍም ከኪስ መውጣቱ አይቀርም፡፡ ይህን ሁሉ ከፍሎ ሳይቆይ ያንኑ ሥራ እንደገና የሚያሠራ ባለንብረት ግን አለ፡፡ ለዚህ ከሚያበቁት ምክንያቶች አንዷ በመዳፍ የምትያዝ የጎማ ቀለበት ናት፡፡

ይህቺ ኦይል ሲል የሞተር ዘይት በክራንክ ሻፍቱ የኋላ ጫፍ በኩል እንዳይወጣ ትይዛለች፡፡ የተቀመጠችው ከቮላኖው ጀርባ በመሆኑ እሷ ዘንድ ለመድረስ ካምቢዮ መውረድ፣ ፍሪሲዮን መፈታት፣ ቮላኖም መነሳት አለበት፡፡ ፍሪሲዮን ሲቀየር ከዚህ ሥራ አብዛኛው ተሠርቶ ያልቃል፤ የሚቀረው ቮላኖውን ማንሳት ብቻ ነው፡፡ የኦይል ሲሏም ዋጋ ከፍሪሲዮኑ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም፡፡

ጎማው በሙቀትና በዕድሜ ብዛት ሲደርቅ ዘይት ማሳለፍ ይጀምራል፡፡ የሚሽከረከረው ቮላኖ ያንን ዘይት ይረጨዋል፤ ሸራው ላይ ካረፈ አዲስ ነው ብሎ አይምረውም፡፡ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሄድም፤ በተለይ ሰው ወይም ጭነት ይዞ አቀበት ሲወጣ፡፡ አንዳንድ ባለሙያ ሸራውን በቤንዚን አጥቦ ይመልሰዋል፡፡ ይህ ለሁለትና ለሦስት ቀን ሊያታልል ይችላል እንጂ፣ ውስጥ ድረስ የጠጣውን ዘይት ሙቀት መልሶ ያወጣዋል፡፡

ይሁንና ከካምቢዮው ሥር ዘይት በታየ ቁጥር ጥፋተኛዋ ኦይል ሲሏ ናት ማለት አይደለም፡፡ ከቴስታታው ክዳን ጓርኒሲዮን የሚወርድ ዘይት በሞተሩ ጀርባ ተንሸራትቶ እዚያው ቦታ ይንጠባጠባል፡፡ ወፍራምና ድኝ ድኝ የሚሸት ከሆነ የካምቢዮ ዘይት ነውና መቀየር ያለበት የካምቢዮው የፊት ኦይል ሲል ነው፡፡ ቀጭንና ቀለም የሚልጥ ከሆነ ደግሞ የፍሪሲዮን ፍሬን ዘይት ሊሆን ይችላል፡፡ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የሞተሩ መተንፈሻ ነው፡፡ መተንፈሻው ከተደፈነ ውስጥ የሚጠራቀመው ግፊት ዘይቱን እየገፋ አዲሷንም ኦይል ሲል ያሸንፋታል፤ ባለንብረቱም ዕቃው ፎርጅድ ነበር ብሎ ሱቁን ሲረግም ይከርማል፡፡

ገጠማውም የራሱ ጣጣ አለው፡፡ አሮጌዋ ከንፈር ክራንክ ሻፍቱን በልታ ቦይ አውጥታ ከሆነ አዲሷ በዚያው ቦይ ላይ ከተቀመጠች ማፍሰሷ አይቀርም፤ ቦታ ካለ በጥቂቱ ፈቀቅ ተደርጋ ትገጠማለች፣ አለዚያም ቀጭን የብረት እጅጌ ይለበስበታል፡፡ የተለመደችው የጎማ ከንፈር ዘይት ተቀብታ ስትገባ፣ በአዳዲስ ሞተሮች ላይ የሚገኘው የቴፍሎን ዓይነት ግን ደረቁን ነው የሚገጠመው፡፡ ባለንብረቱ ይህን ሁሉ ቆሞ ማየት አይጠበቅበትም፡፡ የወጣውን አሮጌ ዕቃ ግን ማስመለስና የሻፍቱን ገጽ ሳይዘጋ ማየት መብቱ ነው፡፡

በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በስተቀር የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መንግሥት ካስታወቀ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በእጅ ያለ መኪናና የመለዋወጫው ዋጋ ቀላል ነገር አይደለም፡፡ ስለሆነም ተቃራኒውን ስህተትም መጠንቀቅ ያሻል፡፡ ሸራው ደህና ሆኖ ኦይል ሲሏ ላብ ብቻ ካሳየች፣ ለእሷ ብሎ ካምቢዮ ማስወረድ ገንዘብ ማባከን ነው፡፡ የዘይቱን ልክ እየተከታተሉ የፍሪሲዮኑን ተራ መጠበቅ ይሻላል፡፡

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ወይም የሚያሻሽጥ ደላላ ሥሩ ታጥቦ የቀረበለትን መኪና ቆሞ አይፍረድ፡፡ ግማሽ ሰዓት ያህል ከነዳ በኋላ ሞተርና ካምቢዮ የሚጋጠሙበትን የታችኛውን ቦታ ይመልከት፤ ሞተሩ እንደሞቀም በሦስተኛ ማርሽ አቀበት ላይ ነዳጅ ይስጥ፡፡ ጠብታ ካለና የሞተሩ ድምፅ ፍጥነቱን ጥሎ ከሸሸ፣ የሚቀነሰው የአንዲት ጎማ ዋጋ ሳይሆን የሙሉ ፍሪሲዮን ሥራ ዋጋ ነው፡፡ እርጥበት ብቻ ታይቶ መኪናው ሳያንሸራትት ከወጣ ግን ሻጩ ያን ያህል እንዲቀንስ መጠየቅ አግባብ አይሆንም፡፡